ሥር የሚጽፈው ደብዳቤ
(ስለ አቀንጭራና ስለ ማሽላ ለነጋዴ የሚሆን ትምህርት)

እህል የሚነግድ ሰው የእህሉን ዋጋ ከገበያ ይማራል፤ የእህሉን ዕድል የሚወስነው ግን አፈር ነው። ዝናብ ቀረ ሲባል ዋጋ ይወጣል፥ አዝመራው ሠመረ ሲባል ይወርዳል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ዝናቡ ሳይቀር፥ አንበጣም ሳይወርድ፥ ማሽላው በቆመበት ሲመነምን ግን ምክንያቱን ለማወቅ ከመሬት በታች መመልከት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ሊቃውንት ከመሬት በታች ተመልክተው ያገኙትን፥ ለነጋዴውም የሚሰጠውን ጥቅም፥ በተቻለ መጠን በቀላል ቃል ለመግለጽ እሞክራለሁ። ጸሐፊው የግብርና ሊቅ ሳይሆን በአንድ የእህል ነጋዴ ቤት የደብዳቤና የመዝገብ ሥራ የሚሠራ ሰው መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

መዝገቡ ያልመለሰው ጥያቄ

ይህን ነገር እንዳጠና ያነሣሣኝ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ መደብራችን መጥተው ከጠረጴዛዬ ፊት ቆሙና፥ «ልጄ፥ እስቲ መዝገብህን ግለጥና የዛሬ አራት ዓመት ለዘር የሸጣችሁልኝ ማሽላ ከወዴት አገር እንደ መጣ ንገረኝ» አሉኝ። «አባቴ፥ ምን ችግር ገጠመዎ?» ብላቸው፥ «በእርሻዬ ላይ አባቴም አያቴም የማያውቁት ሐምራዊ አበባ በቅሏል። በፊት በአንድ ጥግ ብቻ ነበር፤ ዘንድሮ ግማሹን ማሳ ያዘው። ማሽላዬ ዓይኔ እያየ ይደርቃል» ሲሉ መለሱ።

መዝገቡን ገለጥሁ። ቀኑ፥ የኩንታሉ ብዛት፥ ዋጋውና የገዢው ስም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ተጽፎ ይገኛል። እህሉ የመጣበት አገር ግን አልተጻፈም፤ ለእርሱ የሚሆን ዓምድም አልነበረም። በቃል እንደማስታውሰው ግን በዚያ ዓመት ከገዛነው ማሽላ ከፊሉ አቀንጭራ ከበዛበት ቆላ የመጣ ነበር። ለምግብ የተገዛውን እህል፥ ፍሬው ያማረ ስለ ሆነ ብቻ፥ ለዘር ሸጥነው። ጥፋቱ የእኛ መሆኑን በእርግጥ ማስረዳት አይቻልም፤ አለመሆኑንም ማስረዳት አልቻልንም። አሠሪዬም ነገሩን በሰሙ ጊዜ ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፥ «ይህ አረም ምን እንደ ሆነ አጥንተህ ንገረኝ» አሉኝ። ያጠናሁት የሚከተለው ነው።

አቀንጭራ ምንድን ነው?

አቀንጭራ በሳይንስ ስሙ ስትሪጋ የሚባል ጥገኛ አረም ነው። ሥሩን በማሽላ፥ በበቆሎና በዳጉሳ ሥር ላይ ሰክቶ፥ ባለቤቱ የደከመበትን ውሃና ምግብ ይመጥጣል። አበባው ሲታይ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ገበሬው አበባውን በሚያይበት ጊዜ ጉዳቱ አብዛኛው ተፈጽሟል፤ አረሙ ከመሬት ሳይወጣ ለሳምንታት ከሥር ሆኖ ሲመጥጥ ቆይቷልና። እጅግ በተወረረ ማሳ ላይ ምርቱ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።

የፍሬው ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። አገራችን ትንሽነትን በጤፍ ትመስላለች፤ የአቀንጭራ ዘር ግን ከጤፍ ፍሬ እጅግ ያነሰ፥ በጣት ሲይዙት እንደ ዱቄት አቧራ የሚሆን ነው። በአንድ ግራም ውስጥ ከ100,000 በላይ ዘር ይገኛል፤ አንድ ተክል ብቻውን በአስር ሺሕ የሚቈጠር ዘር ይረጫል፥ ይህም እስከ 100,000 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህ ዘር በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። በጆንያ ስፌት ውስጥ፥ በበሬ ሰኮና ጭቃ ላይ፥ በእህል መካከል ተደብቆ ሲጓዝ ዓይን አያየውም፤ ወንፊትም አይለየውም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። እንዲህ ያለ ትንሽ ዘር በውስጡ የያዘው ስንቅ ከጥቂት ቀን በላይ የሚበቃ አይደለም። በቅሎ በጥቂት ቀን ውስጥ የማሽላ ሥር ካላገኘ ይሞታል። እንግዲያስ በጨለማ ውስጥ ተኝቶ ሳለ፥ የማሽላው ሥር በአጠገቡ መድረሱን በምን ያውቃል? የዚህ ጥያቄ መልስ ሊቃውንትን ወደ ዕፀዋት ሆርሞን ትምህርት መራቸው።

የዕፀዋት መልእክተኞች

ተክል አፍና ጆሮ የለውም፤ ሆኖም አንዱ ክፍሉ ለሌላው ክፍሉ መልእክት ይልካል። መልእክቱ የሚላከው ሆርሞን በሚባሉ፥ መጠናቸው እጅግ ጥቂት በሆነ ንጥረ ነገሮች ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር በ1880 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የሣር ቡቃያ ወደ ብርሃን የሚታጠፈው ጫፉ ብርሃኑን አይቶ ለታችኛው ክፍል መልእክት ስለሚልክ መሆኑን አመለከተ። በ1920ዎቹም ሆላንዳዊው ፍሪትስ ቬንት ያን መልእክተኛ ከአጃ ቡቃያ ጫፍ ለይቶ አወጣው፤ ኦክሲን ተባለ።

ይህ ነገር ከመደብር ሥራ የራቀ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፥ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ይመልከት። ቱ-ፎር-ዲ የሚባለው፥ በስንዴና በጤፍ ማሳ ላይ ለሰፊ ቅጠል አረም የሚረጨው መድኃኒት፥ ኦክሲንን የሚመስል ሰው ሠራሽ ሆርሞን ነው። አረሙን የሚገድለው ያለ ልክ የሆነ የዕድገት ትእዛዝ በመስጠት ነው። ሙዝ ነጋዴም ሳያውቀው ከሆርሞን ጋር ይሠራል፤ ሙዙን የሚያበስለው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ነውና። በመብራት ጋዝ ውስጥ የነበረው ኤትሊን ቡቃያን እንደሚያጣምም ሩሲያዊው ኔልዩቦፍ በ1901 አሳወቀ፤ የሚበስል ፍሬ ራሱ ይህን ጋዝ እንደሚያወጣ ደግሞ በ1934 በእንግሊዝ አገር ተረጋገጠ። የበሰለ ሙዝ ከጐመን ወይም ከአበባ ጋር በአንድ ክፍል ሲያድር ጐመኑ የሚቢጨው፥ አበባውም የሚረግፈው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው አብሲሲክ አሲድ የሚባለው የድርቅ መልእክተኛ ነው። አፈር ሲደርቅ ይበዛና በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንዲዘጉ ያዝዛል፤ ተክሉም ውሃውን ይቈጥባል። አቀንጭራ ግን ይህን ትእዛዝ አይሰማም። ማሽላው ቀዳዳውን ዘግቶ ሲቈጥብ፥ አቀንጭራ የራሱን ቀዳዳ ከፍቶ ውሃ ማትነኑን ይቀጥላል፤ በዚህም ኃይል ውሃውን ከማሽላው ሥር ወደ ራሱ ይስባል። ማሽላው ዝናብ በዘነበበት ዓመት ድርቅ የመታው መስሎ የሚታየው ከዚህም የተነሣ ነው።

የተሰረቀው ደብዳቤ

በ1966 በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች የጥጥ ሥር ካለበት ውሃ ውስጥ የአቀንጭራን ዘር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ ስትሪጎል ብለውም ሰየሙት። ከዚያም በኋላ የእርሱ ወገን የሆኑ ብዙ ንጥረ ነገሮች ተገኙ፤ በጠቅላላው ስትሪጎላክቶን ይባላሉ። የማሽላ ሥርም ይህን ያወጣል። የአቀንጭራ ዘር የሚነቃው በእነርሱ ምልክት ነው። እነዚህ ንጥረ ነገሮች በአፈር ውስጥ ቶሎ ስለሚፈርሱ፥ ምልክቱ የሚገኘው በሥሩ አጠገብ ብቻ ነው፤ ምልክቱን ያገኘ ዘር ሥሩ ቅርብ መሆኑን ያውቃል።

ግን ማሽላው ለሌባው የቤቱን ደጃፍ የሚያመለክት ምልክት ስለ ምን ያወጣል? ይህ እንቆቅልሽ ለ40 ዓመት ያህል ሳይፈታ ቆየ። መልሱ በ2005 ከጃፓን መጣ። አኪያማና የሥራ ጓደኞቹ እንዳስረዱት፥ ደብዳቤው የተጻፈው ለአቀንጭራ ሳይሆን ለወዳጅ ነው። ወዳጁም በአፈር ውስጥ የሚኖር፥ ከብዙዎቹ የየብስ ዕፀዋት ሥር ጋር ተባብሮ የሚሠራ ጥቃቅን ፈንገስ ነው፤ ይህም የፈንገስና የሥር ማኅበር ማይኮራይዛ ይባላል።

በዚህ ማኅበር ውስጥ ያለው ውል ለነጋዴ በቀላሉ የሚገባ ነው። ፈንገሱ ከፀጉር የቀጠነ ክሩን ሥር ከማይደርስበት ቦታ ሰድዶ ፎስፎረስ ያመጣል፤ ተክሉም በፀሐይ ከሠራው ስኳር ከመቶ 4 እስከ 20 የሚሆነውን ይከፍለዋል። ፎስፎረስ በአፈር ውስጥ ቢኖርም ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀመጥ፥ ያለ ደላላ የማይገኝ ዕቃ ነው። ተክሉ ፎስፎረስ ሲያጥረው በስትሪጎላክቶን ደብዳቤ ይጽፋል፤ ፈንገሱም ደብዳቤው ሲደርሰው ክሩን አብዝቶ ይመጣል። በመካከል ግን አቀንጭራ ደብዳቤውን ያነብባል፤ ወዳጅ በተጠራበት ድግስ ሌባ ቀድሞ ይገባል።

በ2008 ደግሞ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች፥ ይኸው ስትሪጎላክቶን በተክሉ ውስጥም ሆርሞን ሆኖ እንደሚሠራ፥ ቅርንጫፍ እንዳይበዛም እንደሚከለክል አሳወቁ። እንግዲህ አንዱ ንጥረ ነገር በቤት ውስጥ ትእዛዝ፥ በውጭ ደግሞ ደብዳቤ ሆኖ ያገለግላል። ተክሉ ሲራብ በአንድ በኩል ቅርንጫፉን ይቀንሳል፥ በሌላ በኩል አቅራቢውን ይጠራል፤ ገንዘብ ያጠረው ነጋዴ ወጪውን ቀንሶ ለደንበኛው እንደሚጽፍ ማለት ነው።

ከዚህም አንድ ትልቅ ትምህርት ይገኛል። የተራበ ሥር ብዙ ደብዳቤ ይጽፋል። በማሽላ ላይ የፎስፎረስም የናይትሮጅንም እጥረት የስትሪጎላክቶኑን መጠን ከፍ እንደሚያደርገው በምርምር ታውቋል። ገበሬዎች ከድሮ ጀምሮ አቀንጭራ ደካማ መሬት ይወድዳል የሚሉት በከንቱ አይደለም። ማዳበሪያም ሰብሉን ከማጥገቡ በላይ ለሌባው የሚደርሰውን ምልክት ይቀንሳል።

ሌባውን ስለ ማታለል

ምስጢሩ ከታወቀ በኋላ ሊቃውንት በልዩ ልዩ መንገድ ሌባውን ለማታለል ጥረዋል።

የመጀመሪያው መንገድ የሐሰት ደብዳቤ መላክ ነው። ኤትሊን የተባለው የሙዝ ጋዝ የአቀንጭራን ዘር እንደሚቀሰቅስ ተገኘ። አሜሪካውያን በ1956 በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና አቀንጭራ መግባቱን ሲያውቁ አገሩን ከለሉ፤ በኋላም ኤትሊንን በመሣሪያ ወደ አፈር ውስጥ አስገቡ። ዘሩ ማሽላ የመጣ መስሎት ነቃ፥ ሥር አጣ፥ ሞተ። ከ170,000 ሔክታር በላይ የነበረው ወረርሽኝ ዛሬ ወደ እጅግ ጥቂት ቦታ ተመልሷል። ይህ ግን ብዙ ገንዘብና መሣሪያ የሚጠይቅ ስለ ሆነ ለአፍሪካ ትንሽ ገበሬ አይመችም። ስለዚህ ስትሪጎላክቶንን የሚመስል ርካሽ ንጥረ ነገር ሠርተው በቡርኪና ፋሶ ማሳዎች ላይ የሞከሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ የአረሙም ቍጥር በግልጽ ቀንሷል። ጥጥንና አኩሪ አተርን ከማሽላ ጋር በየተራ መዝራትም በዚሁ ሐሳብ የቆመ ነው፤ የእነርሱ ሥር ዘሩን ይቀሰቅሳል፥ ግን አይመግበውም።

ሁለተኛው መንገድ የደብዳቤውን ቋንቋ መለወጥ ነው። በዚህ ሥራ ስማቸው የሚጠራው በ1950 በወሎንኮሚ የተወለዱት፥ በዓለማያ ኮሌጅ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው። በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባዮኬሚስቱ ከላሪ በትለር ጋር ሆነው የማሽላን ዘርና የአቀንጭራን ዘር በአንድ ሳሕን፥ በረጋ አጋር ውስጥ እያበቀሉ፥ አቀንጭራው ከማሽላው ሥር ምን ያህል ርቆ እንደሚነቃ ይለኩ ነበር። ሥሩ በጣም ቀርቦት እንኳ አቀንጭራው የማይነቃበትን ማሽላ መርጠው ከጥሩ ዝርያዎች ጋር አዳቀሉ። ከዚህም ሥራ የተገኙት ጎብዬ፥ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች በአገራችን ለገበሬ ተሰጡ። ፕሮፌሰሩም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ምስጢሩ በ2017 በታተመ ጥናት ተገለጠ፤ በእነዚህ ማሽላዎች ውስጥ አንድ ዘረ-መል ስለ ተበላሸ ሥሩ የሚያወጣው የስትሪጎላክቶን ዓይነት ተለውጧል። አዲሱ ዓይነት ኦሮባንኮል ይባላል፤ የማሽላው አቀንጭራ ብዙ አይነቃበትም፥ ለወዳጁ ፈንገስ ግን ምልክትነቱ አልቀረም።

ሦስተኛው መንገድ ሌላ ጥቃቅን ሕይወት በሌባው ላይ ማዝመት ነው። በኬንያ አቀንጭራን ብቻ የሚያጠቃ የፉዛሪየም ፈንገስ ተመርጦ፥ በጥርስ መጐርጐሪያ እንጨት ላይ ተይዞ ወደ መንደር ይወሰዳል፤ ገበሬዎች በተቀቀለ ሩዝ ላይ አባዝተው ከዘሩ ጋር በጕድጓዱ ይጨምሩታል። እዚያው ኬንያ ዴስሞዲየም የሚባለውን የከብት መኖ በበቆሎ መካከል መዝራትም የተለመደ ሆኗል፤ ከሥሩ የሚወጣው ንጥረ ነገር አቀንጭራው በበቆሎው ሥር ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

ከእነዚህ መንገዶች አንዱ ብቻውን አይበቃም። ዝርያው፥ ማዳበሪያው፥ በየተራ መዝራቱና አረሙን ሳያብብ መንቀሉ ሲተባበሩ ግን መሬቱ ቀስ በቀስ ይጸዳል።

ለነጋዴው የሚሆን ምክር

1ኛ/ ለምግብ የተገዛ እህል ለዘር አይሸጥ። በተለይም አቀንጭራ ካለበት አገር የመጣ ማሽላ ፍሬው ምንም ቢያምር ዘር ሊሆን አይገባውም። ለዘር የሚፈልግ ገዢ ከታወቀ የዘር አባዥ የወጣውን ይግዛ።

2ኛ/ በመግዣ መዝገብ ላይ እህሉ የመጣበት አገር የሚጻፍበት ዓምድ ይኑር፤ በጆንያውም ላይ ምልክት ይደረግ። ዋጋው የአንድ ብዕር ቀለም ነው።

3ኛ/ ከአቀንጭራ አገር የመጣ ጆንያ ሳይራገፍና ሳይታጠብ ወደ ሌላ አገር አይላክ። የመጋዘን ጥራጊም በማሳ ላይ አይጣል፤ ይቃጠል።

4ኛ/ ለባቄላ፥ ለሽምብራና ለአኩሪ አተር ዘር የሚሆን የባክቴሪያ ማዳበሪያ በትንንሽ ከረጢት ይሸጣል። ይህ ዕቃ ሕይወት ያለው ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሙቀት ከተቀመጠ ወይም ቀኑ ካለፈ ባክቴሪያው ይሞታል፤ ገዢውም ዋጋ የከፈለው ለአፈር ብቻ ይሆናል። ጥላና ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። የሽምብራው ለባቄላ፥ የባቄላውም ለአኩሪ አተር አይሆንም፤ የጻፉበትን አንብቦ መሸጥ ያስፈልጋል።

5ኛ/ «የዕድገት ሆርሞን» የሚል ጽሕፈት ያለበትን ጠርሙስ የሚያስመጣ ሰው፥ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ምን እንደ ሆነ፥ ለየትኛው ሰብል እንደ ተፈቀደ፥ መጠኑም ምን ያህል እንደ ሆነ ሳይጠይቅ አይዘዝ። ከላይ እንደ ተባለው ሆርሞን በጥቂቱ ያሳድጋል፥ በብዛቱ ይገድላል።

መደምደሚያ

ገበሬውን የጐዳ ነገር ነጋዴውን ሳይነካ አያልፍም። ማሳው ሲጠፋ ኩንታሉ ይጠፋል፤ ኩንታሉ ሲጠፋ የገበሬው እጅ ስለሚያጥር ጨርቁም ጨውም ቆርቆሮውም ሳይሸጥ ይቀራል። አቀንጭራ በእግሩ የሚሄድ አውሬ አይደለም፤ ከአገር ወደ አገር የሚወስደው ብዙ ጊዜ የሰው ጭነት ነው። ጭነቱም የእኛ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ለአንድ ጆንያ የሚደረግ ጥንቃቄ ለ10 ዓመት የሚቆይን መከራ ያስቀራል።

ለሽማግሌው ገበሬ ምን እንደ ተደረገላቸው መናገር ተገቢ ነው። አሠሪዬ የዘሩን ዋጋ መለሱላቸው፤ አቀንጭራን ከሚቋቋሙት ዝርያዎች ዘር አፈላልገው ላኩላቸው። እኒያ ሰው ግን ሲሰናበቱኝ የጠየቁኝ ስለ ገንዘቡ አልነበረም። «ልጄ፥ አሁንስ ከወዴት እንደ መጣ ትጽፋለህን?» አሉኝ። እጽፋለሁ አልኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመዝገባችን ከኩንታሉ ብዛትና ከዋጋው መካከል አንድ አዲስ ዓምድ አለ፤ ርእሱም «የመጣበት አገር» ይላል።